ብቸናን ባሕር ውስጥ የሚከቱ ሁለት ቁጥሮች

ብቸና በምድር ላይ የት እንዳለች ለኮምፒውተር ለመንገር ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ ኬክሮስ 10.45፣ ኬንትሮስ 38.20 ገደማ። ለሞጣም እንዲሁ ነው፤ 11.08 እና 37.87። ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ከተገለበጠ ግን ሁለቱም ከተሞች ከጎጃም ደጋ ተነሥተው ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይገባሉ። ብቸና በሰርዲኒያ ደሴትና በቱኒዚያ መካከል፣ ሞጣ ደግሞ ከቱኒዚያ ጫፍ በስተ ሰሜን ውኃ ላይ ይታያሉ። ኮምፒውተሩ ግን የተባለውን ነው ያደረገው። የመጀመሪያው ቁጥር የትኛው እንደሆነ በላኪውና በተቀባዩ መካከል ስምምነት አልነበረም እንጂ።

ስሕተቱ በካርታ ሥራ ጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ሰውም፣ ብዙ የጂፒኤስ መሣሪያም ኬክሮስን ያስቀድማል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ጂኦጄሰን የተባለው የካርታ መረጃ ቅርጽ ግን ኬንትሮስን እንዲያስቀድሙ ያዛል። በሒሳብ ትምህርት መጀመሪያ የአግድሙ፣ ቀጥሎ የቋሚው መለኪያ እንደሚጻፈው ማለት ነው። የትኛውም ልማድ ከሌላው አይበልጥም፤ አንዱን መርጦ ሁሉም እንዲያውቀው አድርጎ መጻፍ ነው ቁም ነገሩ። ድረ ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች ገና ሲጀምሩ የሚማሯቸው የመረጃ ቅርጾች፣ ሲኤስቪ፣ ኤክስኤምኤልና ጄሰን፣ በመሠረቱ እንዲህ ያሉ ስምምነቶች ናቸው።

አንድ ሰው «ብቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደጀን በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ያልፍባታል፤ አካባቢዋ በጤፍ የታወቀ ነው» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ ከተማውን ከወረዳው፣ መንገዱን ከሰብሉ ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም። ተራ የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ከፊደላት ሰልፍ ሌላ አይታየውም። «እነማይ» የሰው ስም ይሁን የወረዳ፣ «ደጀን» ቦታ ይሁን ሌላ ነገር፣ አብሮ ካልተነገረው አያውቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ መረጃ መለያ ይሰጠዋል፤ ይህ ስም ነው፣ ይህ ዞን ነው፣ ይህ ኬክሮስ ነው እየተባለ ይጻፋል። መረጃ ቅርጽ ያዘ የሚባለው ይኼኔ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር፣ ሞጣ ያለ ስልክና ኦስሎ ያለ ፕሮግራመር አንዱን መረጃ ሳይተዋወቁ በአንድ ዓይነት መንገድ ያነቡታል።

ከሦስቱ ቀላሉ ሲኤስቪ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው መዝገብ ረድፍና ዓምድ እንዳለው ሁሉ፣ ሲኤስቪም እያንዳንዱን መዝገብ በአንድ መስመር፣ እያንዳንዱን ዓምድ በኮማ እየለየ ይጽፋል።

ስም,ዞን,ኬክሮስ,ኬንትሮስ
ብቸና,ምሥራቅ ጎጃም,10.45,38.20
ሞጣ,ምሥራቅ ጎጃም,11.08,37.87

የመጀመሪያው መስመር የዓምዶቹን ስም ይናገራል፤ የተቀረው መረጃው ራሱ ነው። ከኤክሴል የወጣ ሠንጠረዥ፣ ከዳታቤዝ የተገለበጠ ዝርዝር፣ ከባንክ የሚወርድ የሒሳብ መግለጫ ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ ይመጣል። ቅርጹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ቢሆንም የጽሑፍ መግለጫ ያገኘው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም በየፊናው እንደመሰለው ይጽፈው ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከሦስቱ ሁሉ በሕግ ያልጠበቀው እሱ ነው።

በአማርኛ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ሦስት ወጥመዶች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ኮማው ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ እንዳለ የሚጽፍ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ነጠላ ሰረዝ ነው፤ «፣» ግን ለኮምፒውተሩ እንደማንኛውም ፊደል አንድ ፊደል ናት፣ ዓምድ አትለይም። መስመሩ በሙሉ አንድ ዓምድ ውስጥ ተጨናንቆ ይቀራል። ሁለተኛው ዜሮ ነው። በምሥራቅ ጎጃም መደበኛ ስልክ 058 ብሎ ይጀምራል፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ በ09 ወይም በ07። ፋይሉ በኤክሴል ሲከፈት ፕሮግራሙ «ይህማ ቁጥር ነው» ብሎ ከፊት ያለችውን ዜሮ ይጥላታል፤ ፋይሉ ተመልሶ ሲቀመጥ ዜሮዋ ለዘለዓለም ትጠፋለች። ስልክ ቁጥር፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር በአሃዝ ይጻፉ እንጂ የሚደመሩና የሚባዙ አይደሉም፤ እንደ ጽሑፍ መያዝ አለባቸው።

ሦስተኛው ወጥመድ ብዙዎችን ያስደነግጣል። በአማርኛ የተጻፈ የሲኤስቪ ፋይል ተልኮ ሲከፈት፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ትርጉም የለሽ ምልክቶች ተደርድረው ይታያሉ። ፋይሉ አልተበላሸም። ዛሬ ከሞላ ጎደል ሁሉም ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው አሠራር አንዱን የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ይጽፈዋል፤ የከፈተው ፕሮግራም ግን እያንዳንዷን ባይት እንደ አንድ የላቲን ምልክት ቆጥሯታል። ሲከፈት «ይህ ዩቲኤፍ-8 ነው» ብሎ መምረጥ ይበቃል፤ ፊደሎቹ ይመለሳሉ። በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በሌሎች የቆዩ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለሱም። እነሱ አማርኛውን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሥርዓት አስቀምጠውት ስለነበር፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር የሚያሳየው የእንግሊዝኛ ፊደላት ዝብርቅርቅ ነው። በየቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ የተከማቸው የዓመታት ጽሑፍ ለዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ወደሚሰጠው ዩኒኮድ ካልተገለበጠ የትኛውም ቅርጽ ሊያድነው አይችልም።

ኤክስኤምኤል ሌላ መንገድ ይከተላል። መረጃውን በኮማ ከመለየት ይልቅ እያንዳንዱን ቁራጭ በመክፈቻና በመዝጊያ ስያሜ መካከል ያስገባዋል።

<ከተማ>
  <ስም>ብቸና</ስም>
  <ዞን>ምሥራቅ ጎጃም</ዞን>
  <ኬክሮስ>10.45</ኬክሮስ>
  <ኬንትሮስ>38.20</ኬንትሮስ>
</ከተማ>

ሲኤስቪ የማይችለውን ነገር ይህ ይችላል፤ አንዱን ነገር በሌላው ውስጥ ማስገባት። ክልሉ ውስጥ ዞኑ፣ ዞኑ ውስጥ ወረዳው፣ ወረዳው ውስጥ ቀበሌው ተደራርበው ሊቀመጡ ይችላሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ስሙን ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ ከዓመታት በኋላ ፋይሉን የሚያገኝ ሰው ምን እንደሆነ አንብቦ ይረዳዋል። ባንኮች፣ የመንግሥት ተቋማትና የማተሚያ ኢንዱስትሪው የወደዱት ለዚህ ነው። የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችም ዛሬ ውስጣቸው ቢከፈት የተጨመቀ ኤክስኤምኤል ነው።

ከላይ ያለው ምሳሌ ግን ኤክስኤምኤል በወጣበት ዘመን ክልክል ነበር።

የዓለም አቀፉ ድር ደረጃዎች ጥምረት የኤክስኤምኤልን የመጀመሪያ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1998 ነው። ደንቡ ለስያሜ የሚፈቀዱትን ፊደላት አንድ በአንድ ዘርዝሮ አስቀመጠ፤ ዝርዝሩን የወሰደው በጊዜው ከነበረው ዩኒኮድ 2.0 ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ግን በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ነው። በዚህ የአንድ ዓመት ልዩነት ምክንያት አማርኛ በኤክስኤምኤል ውስጥ ይዘት ሊሆን ይችላል፣ ስያሜ ሊሆን ግን አይችልም ተባለ። «ብቸና» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ «ስም» የሚለውን መለያ ግን በእንግሊዝኛ ወይም ቀድሞ በገባ ሌላ ፊደል መጻፍ ግድ ሆነ። የበርማ፣ የክመርና የሞንጎሊያ ፊደላትም ዕጣቸው ይኸው ነበር።

ይህንን ለማረም እ.ኤ.አ. በ2004 ኤክስኤምኤል 1.1 ወጣ። ግን ብዙ ሶፍትዌር ሠሪዎች አልተቀበሉትም። ለጥቂት ፊደላት ሲባል የቆየውን ሁሉ መለወጥ አያዋጣም የሚል ክርክር በይፋ ተነሥቶ ነበር፤ ከ«ጥቂቶቹ» አንዱ በሚሊዮኖች የሚነበበው የግዕዝ ፊደል መሆኑ ሲታሰብ ክርክሩ ዛሬም ይቆጠቁጣል። መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 ነው፤ የ1.0 አምስተኛ እትም ፊደላትን እየዘረዘሩ መፍቀድን ትቶ፣ ገና ወደፊት ዩኒኮድ ውስጥ ለሚገቡትም ጭምር በሩን ከፈተ። ከመጀመሪያው ደንብ እስከዚህ እትም አሥር ዓመት አልፏል። ዛሬም ድረስ በአራተኛው እትም ሕግ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ በአማርኛ ስያሜ የተጻፈ ትክክለኛ ፋይል አንዱ ጋ ተቀባይነት አግኝቶ ሌላው ጋ ሊመለስ ይችላል።

ኤክስኤምኤል ለአማርኛ የዋለውም ውለታ አለ። የዩኒኮድ ጥምረት የዓለም ቋንቋዎችን የቀን፣ የወርና የቁጥር አጻጻፍ የሚያከማችበት ሲኤልዲአር የተባለ የጋራ ማኅደር አለው፤ ማኅደሩ የሚጻፈው በኤክስኤምኤል ነው፣ በጄሰንም ይሰራጫል። ለአማርኛ በተዘጋጀው ፋይል ውስጥ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉት አሥራ ሦስቱ ወራት ተዘርዝረዋል። ስልኩን ወደ አማርኛ የቀየረ ሰው የሚያያቸው የቀናትና የወራት ስሞች በአብዛኛው ምንጫቸው ይህ ፋይል ነው።

ድረ ገጽ በመሥራት ላይ ያሉ ወጣቶች ዛሬ አዘውትረው የሚያገኙት ግን ጄሰንን ነው። አሜሪካዊው ዳግላስ ክሮክፎርድ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር መጠቀም ጀመረ፤ እሱ ራሱ «ፈለሰፍኩት» አይልም፣ ጃቫስክሪፕት በተባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ውስጥ የነበረውን አገኘሁት ነው የሚለው። ብራውዘሮች ሁሉ ጃቫስክሪፕት ስለሚያውቁ ጄሰንን ለማንበብ ተጨማሪ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። የብቸና መረጃ በጄሰን እንዲህ ይጻፋል።

{
  "ስም": "ብቸና",
  "ዞን": "ምሥራቅ ጎጃም",
  "ኬክሮስ": 10.45,
  "ኬንትሮስ": 38.20,
  "ሌላ አጻጻፍ": ["ቢቸና"]
}

በግራ ያለው ቁልፍ፣ በቀኝ ያለው ዋጋ ይባላል። ጽሑፍ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይገባል፤ ቁጥር ያለ ጥቅስ ይጻፋል፤ ዝርዝር በማዕዘን ቅንፍ ይታጠራል። ቁልፉ ራሱ ጽሑፍ ስለሆነ በየትኛውም ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ ኤክስኤምኤል አሥር ዓመት የፈጀበት ጉዳይ ለጄሰን ከመነሻው ጥያቄ አልነበረም። መዝጊያ ስያሜ ስለሌለው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የወጣው ደንብ ደግሞ በይፋ የሚለዋወጡት ጄሰን ሁሉ በዩቲኤፍ-8 እንዲጻፍ ስለሚያዝ፣ ሲኤስቪን የሚያምሰው የፊደል መዘበራረቅ እዚህ እምብዛም አያጋጥምም።

ሕጉ አጭር ቢሆንም ይቅርታ አያውቅም። ከላይ ባለው ምሳሌ ቁልፉንና ዋጋውን የሚለየው ሁለት ነጥብ የእንግሊዝኛው ነው። በአማርኛ ኪቦርድ የሚጻፈው «፡» ለዓይን ያው ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፍጹም ሌላ ምልክት ስለሆነ ፋይሉ በሙሉ ውድቅ ይሆናል። ባለሙያ አጠገቡ የሌለ ጀማሪ ስክሪኑን ደጋግሞ እያየ ስሕተቱን ላያገኘው ይችላል፤ በዓይን የሚታይ ልዩነት የለምና። የአማርኛ ትምህርተ ጥቅስም «» የጄሰንን ጥቅስ አይተካም። ፲ እና ፴፰ ብሎ በግዕዝ አሃዝ ቁጥር መጻፍም አይቻልም፤ ጽሑፍ ሆነው በጥቅስ ውስጥ ካልገቡ በቀር ቁጥር የሚባሉት ከ0 እስከ 9 ያሉት ብቻ ናቸው። ደኅንነቱ የተጠበቀው መንገድ ምልክቶቹን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ጽፎ፣ በመካከላቸው ያለውን ቃል ብቻ ወደ አማርኛ ቀይሮ መሙላት ነው።

የኔትወርክ ፍጥነትና የካርድ ዋጋ ለሚያሳስበው ሰው የፋይል መጠንም ቁም ነገር ነው። «ምሥራቅ ጎጃም» በዩቲኤፍ-8 22 ባይት ይወስዳል። አንዳንድ የፕሮግራም ቋንቋዎች ግን ጄሰን ሲጽፉ፣ ካልተከለከሉ በስተቀር፣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በስድስት ምልክት ኮድ ይተኩታል፤ ያው ሁለት ቃል 43 ባይት ይሆናል። ሺህ መዝገብ ሲሆን ልዩነቱ ይታወቃል። ይህን የሚያስቀረው ትእዛዝ የአንድ ቃል ቅንብር ነው።

ሦስቱም ቅርጾች ተራ ጽሑፍ መሆናቸው ሌላ ጥቅም አለው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መስመር በሌለበት ጊዜ የሲኤስቪ ወይም የጄሰን ፋይል በፍላሽ ተገልብጦ በመኪና ሊሄድ ይችላል፤ የተቀበለው ኮምፒውተር በኔትወርክ እንደመጣ አድርጎ ያነበዋል።

የአገሪቱ የጤና መረጃ ሥርዓት ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ ነው። የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ክፍት ሶፍትዌር ነው። መረጃ በጄሰን፣ በኤክስኤምኤልና በሲኤስቪ ይቀበላል፣ ይሰጣልም፤ የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠርም መምረጥ ያስችላል። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። አንድ ጤና ጣቢያ በወሩ ውስጥ የወባ ሕመምተኛ ካልመጣለት «0» ብሎ ይጽፋል፤ ሪፖርቱን ያልላከ ጤና ጣቢያ ደግሞ ምንም አልጻፈም። ጄሰን ለሁለቱ የተለያየ አጻጻፍ አለው፤ ዜሮ ቁጥር ነው፣ ባዶ ደግሞ «ነል» በምትባል ልዩ ቃል ይገለጻል። ሥርዓቱ ሁለቱን ከቀላቀለ፣ ያልተነገረ ወረርሽኝ «ወባ የለም» ተብሎ ሊነበብ ነው። ዲኤችአይኤስ2 ዜሮን ዝም ብሎ አያከማችም፤ ለየትኛው መረጃ ዜሮ ትርጉም እንዳለው ያቀናበረው ሰው አስቀድሞ ሊወስንለት ይገባል። ይህን ውሳኔ የሚወስነው ጤናውንና አካባቢውን የሚያውቅ ሰው እንጂ ቅርጹ አይደለም።

ቀን ከዚህ የባሰ ነው። ጄሰን ለቀን የተለየ ዓይነት የለውም፤ ቀን በጽሑፍ ነው የሚጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በዚህ ቅደም ተከተል በሰረዝ እየለዩ መጻፍን ያዛል፤ የሚያውቀውም የጎርጎርዮሳውያኑን አቆጣጠር ብቻ ነው። አንዲት ሕፃን የተወለደችው ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው እንበል። መዝጋቢው 2017-05-03 ብሎ ከላከው፣ ተቀባዩ ኮምፒውተር ልጅቷን እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 2017 የተወለደች፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተወለደች አድርጎ ይመዘግባታል። በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ታረጃለች፤ የክትባት ተራዋም ያለፈባት ትሆናለች። ትክክለኛው አጻጻፍ 2025-01-11 ነበር። የሚያስፈራው ደግሞ ስሕተቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ሊኖር የሚችል ቀን ስለሆነ የትኛውም ፕሮግራም አያስጠነቅቅም።

ስሕተቱን የሚያጋልጡት ጥቂት ቀናት ናቸው። ጥቅምት 30 ተብሎ 02-30 ከተጻፈ ፕሮግራሙ «የካቲት ሠላሳ የለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ተብሎ 13-06 ከተጻፈማ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ጨርሶ አይቀበልም። መውጫው ቀኑን ለማሽን በጎርጎርዮሳዊው አስቀምጦ ለሰው ሲታይ ወደ እኛው መመለስ ነው፤ ዘመናዊ ብራውዘሮች ለዚህ የሚሆን የኢትዮጵያ አቆጣጠር በውስጣቸው አላቸው። ወይም ደግሞ «የቀን አቆጣጠር» የሚል ቁልፍ ጨምሮ የትኛው እንደሆነ በግልጽ መጻፍ ነው። ፋይዳ የተባለው የብሔራዊ መታወቂያ ካርድ የትውልድ ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር የሚያሳየው ያለ ነገር አይደለም። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። አንድ ክሊኒክ በድረ ገጹ ላይ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይከፈታል» ሲል ለመፈለጊያ ሞተር በሚቀርበው መረጃ ላይ 08:00 ተብሎ መጻፍ አለበት፤ 02:00 ከተባለ ሌሊት በሩ ላይ የሚቆም ሰው ሊኖር ነው።

ስም ሌላው መሠናክል ነው። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ቅጾች «የቤተሰብ ስም» የሚል ቁልፍ ይዘው ይመጣሉ። በእኛ ዘንድ ልጅና አባት አንድ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ እናትም ስታገባ ስሟን አትቀይርም። የአባትን ስም እዚያ ቦታ ማስገባት ለጊዜው ቅጹን ያሳልፍ ይሆናል እንጂ፣ አንድ ቤተሰብን በአባትና በእናት፣ በአባትና በልጅ መካከል ይበታትነዋል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ሦስት ቁልፍ መክፈት አንድ ደቂቃ አይወስድም። ፋይዳ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው የሕንድ ክፍት ሶፍትዌር ስምን በተለያዩ ቋንቋዎች የሚይዝበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። በጄሰን የተጻፈው መዝገብ ለአንድ ስም አንድ ዋጋ ብቻ አይሰጥም፤ ዝርዝር ይሰጠዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ቋንቋውና በዚያ ቋንቋ የተጻፈው ስም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አማርኛውና እንግሊዝኛው አንዱ ሌላውን ሳይተካ አብረው ይኖራሉ።

የአጻጻፍ ጣጣ ደግሞ ብቸናና ሞጣ ላይ ሲደርስ ይበዛል። «ምሥራቅ» በሥ ወይም በስ፣ «ጎጃም» በጎ ወይም በጐ ይጻፋል። አንባቢ ልብ አይለውም፤ ለኮምፒውተሩ ግን አንዱ ዞን አራት ዞን ሆነ። ከአራት ቢሮ የመጣ ሠንጠረዥ ተደምሮ «በዞን ለይተህ አሳይ» ሲባል ድምሩ በአራት ቦታ ተከፋፍሎ ይወጣል። ብቸና ላይ ቢቸና ይጨመራል። በሞጣ ዙሪያ ያለው ወረዳ ደግሞ ሁለት እጁ እነሴ፣ ሁለት እጅ እነሴ፣ አንዳንዴም ክፍተት ሳይኖረው ተያይዞ ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ቁጥር የለውም። ዩኒኮድ ሠን ከሰ፣ ሐን ከሀ ጋር አያዋሕድም፤ አዋሕድ ቢባልም ትክክል አይሆንም፣ በግዕዝ የትርጉም ልዩነት አላቸውና። ዞንን፣ ወረዳንና ከተማን በማይለወጥ የቁጥር ኮድ መያዝና ስሙን ለዓይን ብቻ ማሳየት የሚሻለው ለዚህ ነው። ኮዱ ከተስተካከለ ሥ ትሁን ስ፣ ድምሩ አይናጋም፤ ጸሐፊውም የሚወደውን አጻጻፍ አይነጠቅም።

መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራምና የዳታ ትንተና መሠረታዊ ትምህርቶችን በኢንተርኔት ያቀርባል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምሳሌዎቹም ከሌላ አገር የመጡ ስሞች፣ ቀናትና አድራሻዎች ናቸው። ብቸና ወይም ሞጣ ተቀምጦ የሚማር ወጣት ያንኑ ትምህርት በራሱ መረጃ ቢሞክረው በአንድ ሳምንት ብዙ ያተርፋል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ላይ ያሉትን ከተሞች በሲኤስቪ መዝግቦ፣ ወደ ጄሰን መለወጥ፣ ከዚያ ጂኦጄሰን አድርጎ ካርታ ላይ ማውጣት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ከተማ የተመዘገበበትን ቀን መጨመር፣ ከቀኖቹም አንዱን ሆን ብሎ ጳጉሜን 6 ማድረግ ጥሩ ፈተና ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጽሑፍ መጻፊያና ብራውዘር ብቻ ነው።

መልመጃው ከራስ ኮምፒውተር ሊወጣም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ማንም ሰው የሚያርመው የዓለም ካርታ ነው፤ መረጃውን በኤክስኤምኤል ይለዋወጣል፤ እያንዳንዱን ቦታም በቁልፍና በዋጋ ይመዘግባል። ከቁልፎቹ አንዱ የቦታውን የአማርኛ ስም ለብቻው ይይዛል። አንድ ቀበሌ፣ ወንዝ ወይም ትምህርት ቤት ስሙ በላቲን ብቻ ተጽፎ ከተገኘ፣ የአካባቢው ሰው ተመዝግቦ ገብቶ በዚያ ቁልፍ ሥር በአማርኛ ይጽፈዋል። ያ ስም ከዚያ በኋላ የኦፕንስትሪትማፕን መረጃ በሚወስዱ የስልክ ካርታዎችና ድረ ገጾች ላይ፣ መረጃቸውን ባደሱ ቁጥር፣ እየገባ ይሄዳል።